ምሰሶው ሳይተከል፤ ስለ አዲስ ቤት አከፋፈል



በገጠራችን አንድ ገበሬ አዲስ ቤት ሊሠራ መነሣቱ የተሰማ እንደሆነ፣ ጎረቤት ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው። «የስንት ቆርቆሮ ነው?» ይላል። የ40 ነው፣ የ60 ነው ይባላል። እንጨቱ ይቆጠራል፣ ከአናጢው ጋር በዋጋ ይነጋገራሉ፣ ለደቦው ጠላ ይጠመቃል። ይኸ ሁሉ ደግ ነው። ነገር ግን እሳቱ የት ይነዳል፣ ከብቱ የት ያድራል፣ ልጆቹስ በየት በኩል ይተኛሉ ብሎ የሚጠይቅ ሰው እምብዛም አይገኝም። ምሰሶው ተተክሎ፣ ማገሩ ተማግሮ፣ ጭቃው ከተመረገ በኋላ እናት ልጇን አዝላ ስትገባ፣ ቤቱ ያው እንደ አሮጌው ጎጆ አንድ ክፍል፣ አንድ በር፣ መካከሉ ላይ ጉልቻ፣ ጥጉ ላይ ጋጥ ሆኖ ታገኘዋለች። አዲስ የሆነው ቆርቆሮው ብቻ ነው።

እኛ የጤና መኮንኖች በየቀበሌው ስንዞር እንዲህ ያለውን ቤት ብዙ አይተናል። የስንት ዓመት የጤፍና የኑግ ገንዘብ ወጥቶበታል። ሆኖም ሕፃኑ እንደ ድሮው ይስላል፣ የልጆቹም ዓይን እንደ ድሮው ዝንብ ይወረዋል። ስለዚህ በዚህች ጽሑፍ ስለ ቤት አከፋፈል ልንነግራችሁ ወደድን። አከፋፈል ስንል የትኛው ክፍል በየት በኩል ይሁን፣ በሩ ወዴት ይዙር፣ ግድግዳው እስከ የት ይድረስ ማለታችን ነው። ይኸ ነገር ጉድጓድ ከመቆፈሩ በፊት የታሰበ እንደሆነ አንድ ብር አያስወጣም። ከተመረገ በኋላ ግን ለማፍረስ እንጨትም፣ ጭቃም፣ ጉልበትም ይፈጃል። ባለቤቱም «እንግዲህ ምን ይደረግ፣ እንዲሁ እንኑርበት» ይላል፤ እንዲያውም 20 ዓመት ይኖርበታል።

ሌላም ነገር አለ። የቤቱን ቅርጽ የሚወስኑት ብዙ ጊዜ አባወራውና አናጢው ናቸው። በቤቱ ውስጥ ከማለዳ እስከ ማታ የምትውለው፣ ሌሊትም ሕፃን ሲያለቅስ የምትነሣው ግን እናት ናት። አናጢው የምሰሶውን ጥንካሬ ያውቃል፤ ጭሱ ወዴት እንደሚዞር፣ ውኃው የት ቢቀመጥ እንደሚመች የምታውቀው እሷ ናት። እንግዲህ አባቶች ሆይ፣ አናጢውን ከመቅጠራችሁ በፊት ባለቤታችሁን አማክሩ። የቤቱ ዋና አዋቂ እሷ ናትና።

ቤቱን በገመድና በአመድ መንደፍ

ለዚህ ሥራ ወረቀትና እርሳስ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ጥቂት ችካል፣ አንድ ረዥም ገመድና አንድ ቁና አመድ ነው። ቤቱ በሚቆምበት ቦታ ላይ በ4 ማዕዘን ችካል ምቱና ገመዱን ዘርጉ። ማዕዘኑ ልክ መሆኑን ለማወቅ ከአንዱ ችካል ተነሥታችሁ በአንድ ወገን 3 ክንድ፣ በሌላው ወገን 4 ክንድ ለክታችሁ ምልክት አድርጉ። ከምልክት እስከ ምልክት 5 ክንድ ከመጣ ማዕዘኑ ልክ ነው። 5 ካልሞላ ወይም ካለፈ ችካሉን ጥቂት አንቀሳቅሱት። ክንዱ ግን የአንድ ሰው ክንድ ይሁን፤ የአባትና የልጅ ክንድ ከተቀላቀለ ቤቱ ይጣመማል። ከዚያ በኋላ የውስጡን ግድግዳ በአመድ አስምሩ፤ በር የሚሆነውን ቦታ ሳትነሰንሱ ተዉት።

አሁን እናት ወደ መስመሩ ውስጥ ትግባና የአንድ ቀን ሥራዋን ትሥራበት። ማለዳ ተነሥታ እሳት የምታያይዘው የት ነው? እንጀራ ጋግራ፣ የጋለ ወጥ ይዛ በየት ታልፋለች? በመንገዷ ላይ የሚድኽ ልጅ ይኖራል? ከወንዝ ስትመለስ ውኃውን የምታሳርፈው የት ነው? ሌሊት ትልቁ ልጅ ለሽንት ቢነሣ በጨለማ ስንት ሰው ተራምዶ ይወጣል? ዓይናቸው የደከመ አያት ካሉስ አልጋቸው ከበሩ ምን ያህል ይርቃል? አራስ የምትተኛበት ጥግ የቱ ነው? ይኸን ሁሉ በእግሯ እየሄደች ታየዋለች። ያልተመቸ መስመር በእግር ይጠፋል፣ ሌላ ይነሰነሳል።

በአንድ የደጋ ቀበሌ እንዲህ ባለው መስመር ውስጥ የምትመላለስ አንዲት እናት ከማድ ቤቱ ተነሥታ ወደ ትልቁ ቤት ስትሄድ ድንገት ቆም አለችና፣ «ኧረ ጋሼ፣ እንጀራውን ተሸክሜ በላሞቹ መካከል ነው የማልፈው?» ብላ አናጢውን ጠየቀችው። ባልየው ሳቀና የጋጡን መስመር በእግሩ አጠፋው። ነገሩ ያለቀው ቡና እስኪፈላ ባልሞላ ጊዜ ነው። ያቺው ጥያቄ ጭቃው ከተመረገ በኋላ ብትነሣ ኖሮ ማን ይሰማት ነበር?

ገመዱን በዘረጋችሁበት ቀን ወዲያው አትቆፍሩ። በአንዱ ችካል ላይ የጨርቅ ቁራጭ እሰሩና 3 ወይም 4 ቀን ጧትና ማታ ነፋሱ ከየት ወዴት እንደሚሄድ ተመልከቱ። የጎረቤት ጭስም ይኸንኑ ያሳያችኋል። ዝናብ በጣለም ጊዜ ውኃው በየት በኩል እንደሚወርድ እዩ። ውኃ የሚተኛበት ቦታ ለቤት አይሆንም። ሌላ ቦታ ከሌለ ወለሉን ቢያንስ አንድ ስንዝር ከመሬቱ ከፍ ማድረግና ከላይ በኩል ቦይ መቅደድ ያስፈልጋል።

ስለ እሳቱ

ከሁሉ አስቀድሞ የሚወሰነው የእሳቱ ቦታ ነው። እሳቱ ልክ ቦታውን ካገኘ የቀረው ሁሉ ይቀላል፤ መካከል ላይ ከቀረ ግን ሌላው ድካም ከንቱ ነው።

ጭስ ዓይን አስለቅሶ ብቻ የሚሄድ ነገር አይደለም። በጭሱ ውስጥ ዓይን የማያየው እጅግ ደቃቅ ጥላሸት አለ። ይኸም ከትንፋሽ ጋር ወርዶ በሳንባ ውስጥ ይቀመጣል። የሕፃን ሳንባ ለጋ ስለሆነ በቶሎ ይጎዳል፤ የሳንባ ምችም ያገኘዋል። እናትም ብዙ ዓመት ጭስ ስትስብ ኖራ ሳሉ አልለቃት ይላል፣ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራታል፣ የዓይን ሞራም በጊዜ ይጋርዳታል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደገመተው፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2020 ዓ.ም. ብቻ በቤት ውስጥ ጭስ ምክንያት በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከነዚህ ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት 5 ዓመት ያልሞላቸው ልጆች ነበሩ።

ስለ አራስ ለብቻው እንናገር። በብዙ ቤት አራስ ሴትና ሕፃንዋ እስከ ክርስትናው ቀን፣ ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን፣ ከቤት አይወጡም። ልማዱ ለእናት ዕረፍት ይሰጣልና አንነቅፈውም። ነገር ግን ቤቱ አንድ ክፍል ሆኖ እሳቱ መካከል ላይ የሚነድ ከሆነ፣ ሕፃኑ በዚህ ዓለም የመጀመሪያውን 40 ቀን የሚተነፍሰው ጭስ ነው። ጎረቤት ሴቶች ገንፎ ሊያገነፉ፣ ቡና ሊያፈሉ በመጡ ቁጥር ደግሞ ጭሱ ይብሳል። አራሷን ማክበር ይገባል፤ እሳቱ ግን ከእሷ ይራቅ።

ስለዚህ የሚሻለው ማድ ቤቱ ለብቻው ሆኖ ከትልቁ ቤት 6 ወይም 7 እርምጃ ያህል ቢርቅ ነው። በየትኛው ጎን? ነፋሱ ከትልቁ ቤት ተነሥቶ ወደሚሄድበት ጎን ነው። ጨርቁን በችካል ላይ ያሰርነው ለዚህ ነበር። ነፋሱ ከማድ ቤቱ ወደ መኝታ ቤቱ መስኮት የሚነፍስ ከሆነ ጭሱን አስወጥተን መልሰን አስገባነው ማለት ነው።

«ለሁለት ቤት እንጨት ከየት ይመጣል?» የሚል ይኖራል። መልሱ በግቢያችሁ ውስጥ ቆሟል። አዲሱ ቤት ሲያልቅ አሮጌውን ጎጆ አታፍርሱት፤ እሱ ማድ ቤት ይሁን። ቦታው ካልተመቸ በቀር ከዚህ የረከሰ ማድ ቤት አይገኝም። ግድግዳው ከጣራው ጋር በሚገናኝበት ዙሪያውን አንድ ክንድ ያህል ምርጉን አንሡለት፤ እንጨቱ ይቆይ፣ ጭቃው ብቻ ይልቀቅ። ጭሱ በዚያ ይወጣል። በሩም ፊት ለፊት አንድ መስኮት ይከፈትለት። ክዳኑ ሣር ከሆነ ምድጃው ከግድግዳው ፈቀቅ ይበል፤ ነበልባሉ እንዳይደርስበት።

ጎጆው ፈርሶ ከሆነ ወይም ቦታ ከሌለ፣ ማድ ቤቱ ከትልቁ ቤት በአንድ ጫፍ ሊከፈል ይችላል። ያን ጊዜ ግን ሁለት ነገር አይርሳ። አንደኛ፣ ወደ ውጭ የሚወጣ የራሱ በር ይኑረው። ሁለተኛ፣ የሚከፍለው ግድግዳ እስከ ጣራው ቆርቆሮ ድረስ ይድረስ። ብዙ ሰው ክፍሉን በሰው ቁመት ልክ ይመርግና ከላይ ክፍት ይተወዋል። ጭስ ደግሞ ወደ ላይ የሚሄድ ነገር ነው፤ በላይ ተሻግሮ ሌሊቱን ሙሉ በልጆቹ ላይ ይወርዳል። ለእንጨቱ ሲባል ግማሽ ግድግዳ ማቆም ምንም ካለማቆም ብዙ አይሻልም።

ምድጃውንም ከመሬት አንሡት። ከጉልበት ከፍ ያለ የጭቃ መደብ ተሠርቶ ጉልቻው በላዩ ቢሆን የሚድኽ ልጅ እሳት ውስጥ አይገባም፤ የእናትም ወገብ ያርፋል። በየጤና ጣቢያው እጃቸው ወይም ፊታቸው ተቃጥሎ የሚመጡት ልጆች አብዛኞቹ ከመሬት ጉልቻ ላይ የወደቁ ወይም የፈላ ድስት የጎተቱ ናቸው። ለእንጀራ ደግሞ «ምርት» የሚባለው ከሲሚንቶ የተሠራ ምድጃ የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭሱ በሚወጣበት በኩል ድስት መጣጃ ስላለው ወጡም አብሮ ይሞቃል። ገንዘብ የተገኘ እንደሆነ ከአንድ ትርፍ ቆርቆሮ ይልቅ ይኸ ቢገዛ ይሻላል እንላለን።

አዛውንቶች «ጭስ ከሌለ ሣሩን ምስጥ ይበላዋል» ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ጭስ የሣር ክዳን ያደርቃል፣ ነፍሳትንም ያርቃል። ቆርቆሮ ግን ጭስ አያስፈልገውም። አሮጌው ጎጆ ማድ ቤት ሲሆን ጭሱን እንደ ልማዱ ያገኛል፤ በውስጡ የሚተኛ ሰው ብቻ አይኖርም።

የከሰልም ነገር አለ። ከሰል ሲግም ጭስ ስለማይታይበት ሰው የማይጎዳ ይመስለዋል። ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም መልክም የሌለው መርዘኛ አየር ያወጣል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ የተኛን ቤተሰብ ሳይነቃ ይገድላል። ቡናው በመኝታው ክፍል አይፈላ፤ ማንደጃውም ለሙቀት ተብሎ ከአልጋ አጠገብ አይደር። አራሷ በረዳት ጊዜ በድርብ ብርድ ልብስ ትሙቅ።

ስለ ከብቶቹ

ከብት ከሰው ጋር የሚያድረው ያለ ምክንያት አይደለም። ሌባ አለ፣ ጅብ አለ፣ የደጋ ብርድም አለ። ላሟን ያጣ ቤት የልጆቹን ወተት ያጣል፤ በሬውን ያጣ እርሻውን ያጣል። ስለዚህ «ከብቱን አውጡ» ብሎ ብቻ የሚሄድ ባለሙያ ግማሹን ነግሮ ሄደ ማለት ነው።

ነገር ግን ከብት ባለበት ዝንብ ይበዛል፣ ቁንጫ ይፈላል፣ ወለሉም ሁልጊዜ ርጥብ ነው። ቆሻሻ በሞላበት የአፈር ወለል ላይ ሙጀሌ ይራባና የልጆችን እግር ይበላል። ዶሮም ቀላል አይደለችም። ገና የሚድኽ ልጅ መሬት ላይ ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ይወስዳል፤ የዶሮ ኩስም ከዚያው ውስጥ ነው። እናት «ጥርስ ሲያወጣ ነው የሚያስቀምጠው» የምትለው ተቅማጥ ብዙ ጊዜ ከወለሉ የመጣ ነው።

አከፋፈሉ እንዲህ ቢሆን ይበጃል። ጋጡ ከትልቁ ቤት ግድግዳ ጋር ተጠግቶ ይሠራ፤ በሩ ግን በውጭ በኩል፣ ከቤቱ በር የራቀ ይሁን። በመካከላቸው ያለው ግድግዳ እስከ ጣራ ይድረስ፣ በሁለቱም ወገን ይለሰን። አባወራው በሚተኛበት በኩል በዚሁ ግድግዳ ላይ መዝጊያ ያላት፣ ከመዳፍ የማትሰፋ ቀዳዳ ይተውላት። ሌሊት ከብቱ ሲደነብር ድምፁን ይሰማል፣ ከፍቶም በባትሪ ያያል፤ ከዚያ በቀር ተዘግታ ትደር። የጋጡ ወለል ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ሽንቱና ዕጣቢው በቦይ ወደ ፍግ ጉድጓድ ይሂድ። ፍጉ ለጓሮው ጎመን ይሆናል። ለዶሮዎቹ ከመሬት ከፍ ያለ ቆጥ ከውጭ፣ በጋጡ ክፈፍ ሥር ይሠራላቸው።

ጥጆቹና ግልገሎቹስ? በብርድ ወቅት ግልገል ቤት ማስገባት የተለመደ ነው። በጋጡ ውስጥ ነፋስ በማይደርስበት ጥግ ጭድ የተነጠፈበት ትንሽ ማጎሪያ ከተዘጋጀላቸው በዚያው ይሞቃሉ።

ስለ መኝታና ስለ መስኮት

ትልቁ ቤት 7 ሜትር በ5 ሜትር ቢሆን እንበል። ከበሩ ሲገቡ የሚገኘው እንግዳ የሚቀመጥበት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው በአንድ ግድግዳ ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ለወላጆችና ለሕፃኑ፣ ሌላው ለልጆች ይሁን። የፀሐይ መውጫ የሚገጥመው ክፍል ለልጆች ወይም ለአራስ ይሰጥ። የጧት ፀሐይ አልጋውን ያደርቃል፤ ቀጥታ የሚያርፍበትን የሳንባ ነቀርሳ ጀርምም ይገድላል። ጨለማና የታፈገ ክፍል ግን ከአንዱ ሰው ሳል የወጣውን ጀርም ለብዙ ሰዓት ይዞ ያቆያል።

ለመስኮት የሚበቃውን መጠን በቀላሉ ለማወቅ፣ የወለሉን አንድ አሥረኛ ያዙ። ክፍሉ 10 ካሬ ሜትር ከሆነ የመስኮቱ ክፍት ቦታ 1 ካሬ ሜትር ይሁን። አንድ ትልቅ መስኮት ከማውጣት ይልቅ በጎንና በጎን ሁለት መካከለኛ ማውጣት ይሻላል፤ እያንዳንዱ 70 በ70 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። አየር በአንዱ ገብቶ በሌላው ካልወጣ አልተለወጠም።

«በመስኮት ብርድ ይገባል፣ ምችም ይመታናል» ትሉ ይሆናል። ብርዱ እውነት ነው። ስለዚህ መስኮቱ ከቆመ ሰው ትከሻ ከፍ ብሎ ይውጣ፤ ነፋሱ በተኛው ሰው ላይ እንዳይወርድ አልጋው ከሥሩ አይሁን። የእንጨት መዝጊያ ይኑረው፣ ቀን ይከፈት፣ ሌሊት ብርዱ ሲጠና የአንደኛው ግማሽ ይዘጋ። ሌባ የሚያሰጋችሁ ከሆነ ሁለት የብረት ወይም የጠንካራ እንጨት መወርወሪያ በመካከሉ ይግባበት። እኛ ያየነው ሌላው ችግር ግን መስኮቱ ከተሠራ በኋላ ጎታ ተደግፎበት መቅረቱ ነው። በአመዱ መስመር ላይ ጎታውንም አስቀምጡት።

ጎታን ካነሣን፣ እህል በመኝታ ክፍል አይቀመጥ። አይጥ መጥራቱ አንድ ነው፤ የባሰው የነቀዝ መድኃኒቱ ነው። በእህል መካከል የሚጨመረው ክኒን ርጥበት ሲያገኝ መርዘኛ አየር ያወጣል፤ በዚያ ክፍል የሚተኛ ሰውና በተለይ ልጅ ይሞትበታል። እህሉ የራሱ በር ያለው ጎተራ ወይም ከመኝታው በሙሉ ግድግዳ የተለየ ጥግ ያስፈልገዋል።

ቆላና ወይና ደጋ ለሆናችሁ ደግሞ የወባ ትንኝ አለች። በ1950 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ እስከ 1951 ዓ.ም. የዘለቀው የወባ ወረርሽኝ በአገራችን 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150,000 ያህል እንደገደለ ይገመታል፤ ወባ ዛሬም አልጠፋችም። በመኝታው ክፍል ግድግዳውና ጣራው የሚገናኙበት ክፈፍ በጭቃ ይደፈን፣ መስኮቱም በወንፊት ሽቦ ይሸፈን። በማድ ቤት ክፈፉን ክፈቱ ብለን በመኝታ ዝጉ ማለታችን እንዳያደናግራችሁ፤ በዚያ ጭሱ ይውጣ፣ በዚህ ትንኟ አትግባ ነው። ለአጎበር ማሰሪያ የሚሆን ሚስማር ወይም ቆርጦ የወጣ እንጨት ከአልጋው በላይ በ4ቱም ማዕዘን ግድግዳው ሲማገር ይተው። የወባ መድኃኒት ረጪዎች መጥተው ግድግዳውን ከረጩ በኋላ እንደ ገና አትለስኑት፤ መድኃኒቱ በአዲሱ ጭቃ ሥር ይቀበራል።

ሽንት ቤቱም ከቤቱ ጋር ይታሰብ

ሽንት ቤት «በኋላ እንቆፍራለን» የሚባል ሥራ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ሳይቆፈር ይቀራል። የልጆችን ዓይን በትራኮማ የምታጠቃው ዝንብ የምትራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ነው። በጉድጓድ ውስጥ ግን አትራባም። ስለዚህ አንድ ሽንት ቤት የተቅማጥ መከላከያ ብቻ ሳይሆን የዓይንም መከላከያ ነው። ከቤቱ ቢያንስ 6 ሜትር፣ ከጉድጓድ ውኃ ወይም ከምንጭ ቢያንስ 30 ሜትር፣ ማለት 40 እርምጃ ያህል፣ ይራቅ፤ ከውኃውም በታች በኩል ይሁን። በጣም አይራቅ ደግሞ፤ ሌሊት ልጅ የሚፈራው ሽንት ቤት የአዋቂ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በመመለሻው መንገድ ላይ፣ ሳይታለፍ በማይኬድበት ቦታ፣ ጀሪካን አንጠልጥሉና ከሥሩ ሳሙና ወይም አመድ አኑሩ።

ስለ ሰፊው አዳራሽ

ክፍል ከመክፈል ሰውን የሚያስቀረው ትልቁ ነገር ድግስ ነው። «ሠርግ ቢመጣ፣ ሐዘን ቢደርስ ሰው የት ይቀመጣል?» ይላሉ፤ አባወራውም ከአንድ ጫፍ እስከ ሌላው የሚታይ ሰፊ ቤት ይመኛል። ምኞቱ ይገባናል፤ ቤቱ ሰው ካልገባበት ምን ቤት ነው። ግን አስቡት እንግዲህ፤ ድግስ በዓመት ስንት ቀን ነው? ሠርግ ሲሆን ዳስ ይጣላል፣ ለሐዘንም ድንኳን ይተከላል። ስለዚህ ስፋቱን ለግቢው ስጡት። ከቤቱ ደጃፍ ፊት ለፊት ዳስ የሚበቃው ሜዳ ሳይታረስ፣ ሳይታጠር ይቆይ፤ በእሱ ላይ ማድ ቤትም ጋጥም አይሠራ። የውስጡ ክፍል ግን ልጆች በየሌሊቱ የሚተኙበት ነው።

ቤታችሁ አስቀድሞ ያለቀ ከሆነም እስከ ነገ የሚደርስ ሥራ አለ። ከሁሉ በፊት እሳቱን አውጡ፤ ለጊዜው ዳስ በመሰለ ጥላ ሥር እንኳ ቢሆን። በሁለተኛው በበጋ ወራት፣ ጭቃው ደርቆ ሳለ፣ በመኝታው በኩል መስኮት ይቀደድ። ምሰሶ እንዳይነካ አናጢው ያመልክት፤ ማገሩ ከመቆረጡ በፊት ግራና ቀኙ በቋሚ ይደገፍ። በሦስተኛው ግማሽ የቀረው ግድግዳ እስከ ቆርቆሮው ይሞላ። ይኸ በጭቃ ብቻ ካልተቻለ ቀርከሃ ወይም ሸንበቆ አጥብቆ ሠርቶ በላዩ መለሰን ይቻላል።

ልትነድፉ ስትነሡ በየቀበሌው የሚሠሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጥሩ። ቤትንና ግቢን ማየት ከሥራቸው አንዱ ነው። የምታገኟቸው በጤና ኬላው ነው፤ ከቤት ቤት ሲዞሩም ገመዱ ተዘርግቶ ካገኙት በአመዱ መስመር ላይ ቆመው አብረዋችሁ ያያሉ።

ስለ ጊዜው የምንለው አንድ ነገር ቀርቷል። የሽንት ቤቱ ጉድጓድ በበጋ፣ ከቤቱ ሥራ አስቀድሞ ይቆፈር። ጥልቀቱ ከ2 እስከ 3 ሜትር ይሁን፤ ውኃ ብቅ ካለበት ግን ቦታ ይለወጥ። ለቤቱ ወለል አንድ ስንዝር ከፍ ማድረጊያ ከሚሆነው አፈር ከፊሉ ከዚያው ይወጣል፤ ደቦው ሲጠራ አፈሩ ደጃፍ ላይ ተከምሮ ይጠብቃል። አፈሩ ሲደለደል በየግማሽ ስንዝሩ ውኃ እየተረጨ ይደቅደቅ፤ አንድ ጊዜ ተከምሮ የተደቀደቀ ወለል በክረምት ይሰምጣል።